ማን ከማን ተጋራ?

ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ በሲያትል ከተማ፣ በሬይኒየር ጎዳና፣ በአንድ የአገራችን ሰው ካፌ ውስጥ የሰማሁት ንግግር ነው። አንድ የተማረ ወገኔ ስኒውን እንደያዘ፣ «ዘመኑ የመጋራት ዘመን ነው፤ መኪናውንም ጊዜውንም የሚጋራ ትውልድ መጣ» እያለ ኡበርንና ሊፍትን ያወድስ ነበር። በጠረጴዛው ዙሪያ ከነበርነው መካከል ሁለቱ በዚሁ ሥራ የሚተዳደሩ ናቸው። ሁለቱም አንዳች ሳይመልሱ ቡናቸውን ጠጥተው ወደ መኪናቸው ሄዱ። የእኔም ክርክር ከዚያች «መጋራት» ከምትባል ቃል ጋር ነው።

እኔ መጋራትን የማውቀው በአዲስ አበባ ታክሲ ነው። የልጅነቴ ውይይት ታክሲ ስሙን ያገኘው ተሳፋሪዎቹ በሁለት አግዳሚ ወንበር ላይ ፊት ለፊት እየተያዩ ስለሚቀመጡበት ነበር። በኋላ በሚኒባሱም ሒሳቡ ከኋላ ወንበር በሰው እጅ እየተቀባበለ ለረዳቱ ይደርሳል። ዝርዝር ሲጠፋም ረዳቱ አንዲቷን ብር ለሁለት ሰው ሰጥቶ «ተካፈሉ» ይላል፤ የማይተዋወቁት ሁለቱ አብረው ወርደው የሚመነዝር ሱቅ ይፈልጋሉ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሕክምና በተማርኩባት በካርኮቭም በትራም ውስጥ ቲኬቱ መብሻው ዘንድ የሚደርሰው ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ ነበር። ግፊያውን፣ ሰልፉንና ኪስ አውላቂውን አልረሳሁም፤ ናፍቆት አይደለም የሚያናግረኝ። ነገር ግን በዚያ ጉዞ መንገዱም፣ ወጪውም፣ መዘግየቱም የሁላችን ነበር።

እስቲ አሁን «መጋራት» የተባለውን እንመርምር። መኪናውን በዕዳ የሚገዛው ሾፌሩ ነው። ነዳጁን፣ ጥገናውንና ጎማውን የሚችለውም እርሱ ነው። ዋጋውን የሚቆርጠው፣ ተሳፋሪውን የሚመድበው፣ ሲያሻውም ሾፌሩን ከመተግበሪያው የሚያግደው ግን ኩባንያው ነው። ከኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ ብቻውን ነው፤ ዓይኑም ከስልኩ አይነቀልም። የማይተዋወቁ መንገደኞችን በአንድ መኪና የሚያሳፍረውን አገልግሎት ኩባንያዎቹ በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. በወረርሽኙ ሳቢያ ሲያቋርጡት፣ የቀረው ንግዳቸው ያለ እርሱ ቀጥሏል። የመጋራት ስም ግን አልቀረም። ታዲያ ማን ከማን ምን ተጋራ? ሾፌሩ ኪሳራውን፣ ኩባንያው ውሳኔውን ይዘው ተለያዩ እንጂ!

ሐኪም ነኝ፤ የማንንም ሕመምተኛ ምስጢር አላወጣም። ከብዙዎች ደጋግሜ የሰማሁትን ግን መናገር እችላለሁ። የታዘዘላቸው የደም ግፊት መድኃኒት ሽንት የሚያመላልስ በመሆኑ፣ ጠዋት ጠዋት ሳይውጡት ወደ ሥራ የሚወጡ ሾፌሮች አሉ፤ በመሐል ከተማ መኪናቸውን አቁመው ለሽንት የሚወርዱበት ስፍራ የላቸውምና። ስለዚሁም ውኃ መጠጣት ይቀንሳሉ፤ የኩላሊት ጠጠር ይዟቸው ይመጣሉ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ምሳ የሚበላበትን ሰዓት የሚወስነው ስልኩ ነው። «ወገብዎ እስኪሻለው ጥቂት ቀን ይረፉ» ስል የሚሰጠኝ መልስ፣ «የመኪናው ዕዳ ያርፋል ወይ፣ ዶክተር?» የሚል ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ነው «የራሱ አለቃ» የምንለው።

የዚህችን ከተማ ታሪክም እናስታውስ። ኡበር ሲያትል የገባው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። የከተማው ምክር ቤት በመጋቢት 2014 ለእያንዳንዱ ኩባንያ በአንድ ጊዜ ከ150 የማይበልጡ መኪኖች ብቻ እንዲሠማሩ ወሰነ። በኩባንያዎቹ የተደገፈ የፊርማ ዘመቻ ሕጉን ወዲያው አሳገደው፤ በዚያው ዓመትም ገደቡ ተነሣ። በታኅሣሥ 2015 ደግሞ ምክር ቤቱ ሾፌሮች ተደራጅተው በኅብረት እንዲደራደሩ የሚፈቅድ፣ በአሜሪካ የመጀመሪያ የሆነ ሕግ በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። የአሜሪካ የንግድ ምክር ቤት ከሰሰ። ክሱ በምን ላይ እንደቆመ አንባቢ ልብ ይበል፦ ሾፌሮቹ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ነጋዴዎች ናቸው፤ ስለዚህ በዋጋ ጉዳይ መተባበራቸው የነጻ ውድድርን ሕግ ይጥሳል። በ2018 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የከተማዋን መከላከያ ሳይቀበል ቀረ፤ የኅብረት ድርድሩም በተግባር ሳይታይ ቀረ። እንግዲህ አንድ ኩባንያ ለሺህ ሾፌሮች ዋጋ ሲቆርጥ ሥልጣኔ ነው፤ ሺሁ ሾፌሮች ስለዚያው ዋጋ ሲመክሩ ግን ሤራ ነው ማለት ነው።

ትግሉ ያለ ፍሬ አልቀረም። ከተማዋ ከጥር 2021 ጀምሮ የሚጸና ዝቅተኛ ክፍያ ደነገገች። በ2022 የዋሽንግተን ግዛት ዝቅተኛ ክፍያን፣ የሕመም ፈቃድንና የታገደ ሾፌር አቤት የሚልበትን መንገድ በሕግ አጸና። በምትኩ ከተሞች በዚህ ረገድ ከግዛቱ የተለየ አዲስ ደንብ እንዳያወጡ ተከለከሉ፤ ሾፌሩም በሕግ ፊት «ተቀጣሪ» አልተባለም። ያም ሆኖ በአዳራሹ ቆመው የመሰከሩት፣ ፈረቃቸውን ትተው የተሰለፉት ሾፌሮች ከእነርሱ ብዙዎቹ የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች ነበሩ። እኛ ሐኪሞቹ፣ መሐንዲሶቹ፣ መምህራኑ የት ነበርን? እኔ በበኩሌ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያደርሰኝን መኪና በስልኬ እየጠራሁ፣ ዋጋው በመርከሱ እየተደሰትኩ ነበር።

«የድሮው ታክሲ ምን የተሻለ ነበረ?» የሚሉኝ ይኖራሉ። እውነት ነው፤ ሾፌሩ ገና ጠዋት ሲነሣ የመኪና ኪራይ ዕዳ ነበረበት፤ ጥቁር ተሳፋሪን አይቶ የሚያልፍ ታክሲም ነበር። ነገር ግን «መተግበሪያው አያዳላም» የተባለውም እውነት አልሆነም። በ2016 በሲያትልና በቦስተን ጉዞዎች ላይ የተሠራው ጥናት፣ በሲያትል ጥቁር ተሳፋሪዎች መኪና የሚጠብቁበት ጊዜ እስከ 35 በመቶ እንደሚረዝም አሳይቷል። መንገዱም አልተቃለለም። በ2019 ሳይንስ አድቫንስስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት እንደሚለው፣ በሳን ፍራንሲስኮ ከ2010 እስከ 2016 በመጨናነቅ የሚባክነው ጊዜ በ62 በመቶ አደገ፤ እነዚህ መኪኖች ባይኖሩ ኖሮ ዕድገቱ 22 በመቶ ብቻ በሆነ ነበር። ሾፌሩ ተሳፋሪ ፍለጋ ባዶውን ይዞራል፤ በአውቶቡስ ወይም በእግሩ ይሄድ የነበረውም ሰው መኪና ይጠራል።

ከሁሉ የከፋው ግን ይህ ነው። በሬይኒየር ጎዳና በሚመላለሰው 7 ቁጥር አውቶቡስ ውስጥ ዛሬም እናቶቻችን ዘንቢላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይሄዳሉ። አቅም ያለው ሰው ከዚያ አውቶቡስ በወረደ ቁጥር፣ አውቶቡሱ ሲዘገይ የሚጮህለት ሰው ያጣል። ከተማው ምክር ቤት የሚደመጠው ሰው በዝናብ ቆሞ አይጠብቅም፤ ቆሞ የሚጠብቀው ደግሞ አይደመጥም።

ሾፌር ወንድሞቼን ሥራችሁን ተዉ አልልም፤ እንጀራ ነው። ለተማረው ወገኔ ግን የምለው አለኝ። ማኅበሮቻችን ለበዓል አዳራሽ ከመከራየት አልፈው ለሾፌሮቹ ጠበቃ ይከራዩ። እኛ ሐኪሞች የምናየውን ሕመም ሕግ አውጪው ፊት ቀርበን እንመስክር። በከተማው ስብሰባ የአውቶቡስና የባቡር በጀት ሲነሣ ከእናቶቻችን ጎን እንቀመጥ። አዲስ አበባም ራይድና መሰሎቹ በተስፋፉባት በዛሬው ጊዜ ይህን ሁሉ ከእኛ ትማር፤ ሾፌሩ ቀድሞ ይደራጅ፣ ሚኒባሱንና አንበሳ አውቶቡስን የሚጠብቀው ሕዝብም አይረሳ።

በዚያ ካፌ ዝም ብለው የወጡትን ሁለቱን ሰዎች በሚቀጥለው ጊዜ ሳገኛቸው፣ አስቀድሜ የምጠይቃቸው ስለ መድኃኒታቸው ይሆናል። ቀጥዬም የማኅበራቸው ስብሰባ መቼ እንደሆነ እጠይቃቸዋለሁ።