የምንጠጣው ውኃ ስም
ዘቀበና

ባለፈው ክረምት አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ወረፋ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ከፊቴ የነበሩት አሮጊት ከወለጋ በሪፈር የመጡ ናቸው። አስታማሚ ልጃቸው መድኃኒት ፍለጋ ወጣ እንዳለ ተራቸው ደረሰ። ነርሷ ትሑት ልጅ ናት። ጎንበስ ብላ «እናቴ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?» አለቻቸው። «ገራ» አሉ፣ ሆዳቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው። ይህንንም የተረዳነው ከእጃቸው ነው። ከዚያ ቀጥለው በአፋን ኦሮሞ ብዙ ተናገሩ። ነርሷም እኔም አንድ ቃል አልገባንም። በመጨረሻ ኮሪደሩን ስትወለውል የነበረች የጽዳት ሠራተኛ መወልወያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ መጣችና አስተረጎመች። ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ ምን መድኃኒት እንደወሰዱ፣ ደም ማየታቸውን ጭምር። አሮጊቷ የመጨረሻዋን ነገር ሲናገሩ በነጠላቸው አፋቸውን ጋረዱ። ለሐኪም ብቻ የሚነገር ነገር በመተላለፊያ ላይ፣ ባልጠበቁት ሰው አፍ፣ ወረፋ በያዝነው ሁሉ ፊት ተነገረባቸው።

እዚሁ ከተማ ተወልጄ አድጌ ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የዚያን ቀን ያፈርኩትን ያህል ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች ቋንቋ መማር አንጠላም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቻችንን ለፈረንሳይኛ አሊያንስ፣ ለጀርመንኛ ጎቴ እናስገባለን። ቻይንኛ የጀመረውን የጎረቤት ልጅ እናደንቃለን። ወደ ቤሩትና ወደ ሪያድ የምትሄድ እህታችን ዓረብኛን ከሰው ኩሽና ቆማ፣ በቁጣና በጥድፊያ መሐል ስትለምደው ጎበዝ እንላታለን። እንግሊዝኛማ ከጡት ቀጥሎ የምናቀምሰው ሆኗል፤ ወላጅ ከወር ደመወዙ ቆርሶ የሚከፍለው ልጁ በእንግሊዝኛ እንዲያወራለት ነው። በዚህ አልፈርድም፤ እኔም አድርጌዋለሁ። የሚያሳዝነኝ ግን ምኞታችን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ የሚሄድ መሆኑ ነው። ከእንጦጦ ጀርባ ወይም ከአቃቂ ወዲያ የሚነገረውን ለመማር የሚመኝ የት አለ?

ስንቶቻችን ነን የገፈርሳንና የለገዳዲን ውኃ ጠጥተን ያደግነው? በአፋን ኦሮሞ ገፈርሳ ጎሽ ማለት ነው። ለገ ወንዝ ነው፤ ለገዳዲም የጠጅ ወንዝ። ላፍቶ የግራር ዓይነት ዛፍ ነው። ታክሲ ረዳቱ በቀን መቶ ጊዜ የሚጠራቸው፣ እኛም «ወራጅ አለ» የምንልባቸው ስሞች ናቸው። ትርጉማቸውን ያወቅሁት ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ ነው፤ ያውም በአጋጣሚ።

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከአገሪቱ ሕዝብ አፋን ኦሮሞ አፍ መፍቻው የሆነ ሰው 33.8 በመቶ፣ አማርኛ አፍ መፍቻው የሆነ 29.3 በመቶ ነበር። በየካቲት 2012 ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ ከአማርኛ ጎን የፌዴራል መንግሥት የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ ተወሰነ። ዜናው ሲነገር አንዱ ጨፈረ፣ ሌላው ተቆጣ። ከዚያ በኋላ ጉዳይ ላስፈጽም በሄድኩባቸው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች መስኮቶች ላይ ለውጡን ፈልጌ አጥቻለሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ለተከሰሰ ሰው፣ ችሎቱ በማይገባው ቋንቋ ከተካሄደ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ለታመመ ሰው ግን የምትደርስለት ኮሪደር የምትወለውል ሴት ናት።

በራስ ቋንቋ መስተናገድ ምን እንደሚመስል የማናውቅ ሰዎች ብንሆን ይሻል ነበር። ግን እናውቀዋለን። የዋሽንግተን ዲሲ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። እዚያ ያሉ ዘመዶቻችን ቅጹን በፊደላችን ታትሞ ሲያገኙት ፎቶ አንስተው ይልኩልናል፤ እኛም ደስ ብሎን ለሌላው እናስተላልፋለን። ባሕር ማዶ ለእናቶቻችን የጠየቅነውን፣ ያገኘነውንም፣ ለወለጋዋ እናት እዚሁ እንዴት እንነፍጋለን?

«አፋን ኦሮሞ በላቲን ስለሚጻፍ ከበደን» የሚል ምክንያት በየቡናው ላይ እሰማለሁ። ቁቤ የሚባለው ይህ አጻጻፍ ሥራ ላይ የዋለው በ1984 ዓ.ም. ነው። የላቲን ፊደል ግን ልጆቻችን ገና መዋዕለ ሕፃናት ሳሉ ያነበንቡታል። ከዚያስ በፊት? ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ፣ ሁለቱም በልጅነታቸው ለባርነት ተሸጠው የነበሩ፣ ነፃ ወጥተው ምጽዋ አጠገብ በስዊድን ሚሲዮን የተማሩ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ መልሰው እ.ኤ.አ. በ1899 ሲያሳትሙ የጻፉት በግዕዝ ፊደል ነበር። በላቲን ሳይሆን አማርኛ በሚጻፍበት በዚሁ ፊደል ተጽፎ ሳለም፣ በቋንቋው አፉን ያልፈታ ሰው አልተማረውም። ስለዚህ ፊደሉን ተዉት።

ሌላው ምክንያት ከባድ ነው፤ አቅልዬ አላልፈውም። ቋንቋ በዚህች አገር ሰው የሚለይበት፣ የሚፈናቀልበት፣ ሕይወቱን የሚያጣበት ሆኖ ታይቷል። በንግግሩ ተለይቶ የተባረረ ወንድም ያለው ሰው «ተማር» ሲባል መሸነፍ ቢመስለው አልፈርድበትም። በሌላ በኩል ደግሞ አማርኛ ሳይለምድ ያደገ የኦሮሚያ ወጣት ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ሲገባ አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ አያለሁ። እሱ ግን አማርኛን ይማረዋል፤ ለመኖር የግድ ነውና። እኛ የግድ የሚለን ስለሌለ እንዳላወቅን እንኖራለን። ለእኔ ትልቁ ልዩነት ይሄ ነው።

ፖሊሲው እስኪተገበር ከአንድ ትንሽ ነገር ይጀመር እላለሁ፤ ከቋንቋ አበል። ከአማርኛ ሌላ ባለጉዳይ የሚናገረውን ቋንቋ የሚችል የካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ ነርስ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በችሎታው ይከፈለው። ያቺ የጽዳት ሠራተኛ በቀን ስንት ጊዜ መወልወያዋን እንደምታስቀምጥ ጠይቄያት ነበር። «ኧረ ስንቱን ልቁጠረው» አለችኝ። የምትተረጉመው የበሽተኛን ቃል ነው፤ አንድ ቃል ብትስት የሚታዘዘው መድኃኒት ይለወጣል። ለዚህ ሥራዋ ሥልጠናም ደመወዝም የላትም። ስሟ የሚጻፈው የጽዳት ሠራተኞች መዝገብ ላይ ነው።

እኔም ከጥቅምት ወዲህ ሰፈራችን ጉሊት ከምትሸጥ ሴት ዘንድ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እማራለሁ። ሽንኩርቱን እየመዘነች ታስቆጥረኛለች፤ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ። ቁጥሩ አልከበደኝም። የከበደኝ ዸ ነው፤ ምላስ ወደ ኋላ ታጥፎ፣ አየሩ ወደ ውስጥ ተስቦ የሚወጣው ድምፅ። ለካ ለገዳዲ ስል የኖርኩት ስሕተት ነው፤ መጨረሻው «ዺ» ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሚዛኗን አስቀምጣ የውኃውን ስም ደጋግማ አስባለችኝ። ገበያተኛ መጥቶ ቆመ፤ እሷ ግን «ቆይ፣ ጋሼ ይጨርስ» አለችው። ለገ ዳዲ አልኩ። ራሷን ነቀነቀች። እንደገና አልኩ።