የወላጆች ጥግ፦ ከተረት ቀበሮ ወደ ባሌ ቀበሮ

በተረቶቻችን ጅብ ሆዳም፣ ቀበሮ ተንኮለኛ ናት። ተረቱን አንተውም፤ ልጆቻችን እውነተኛዋንም ቀበሮ ይወቋት። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለችም። አዋቂዎቹ ከ500 አይበልጡም፤ አብዛኞቹ ባሌ ተራሮች ላይ ይኖራሉ። ቀን ቀን ለየብቻ አይጥና ፍልፈል ያድናሉ፤ ቡችሎቹን ግን መንጋው ተጋግዞ ያሳድጋል። ከመንደር ውሻ የሚይዛቸው የእብድ ውሻ በሽታ ሲገባ መንጋውን ይፈጃል። ልጅ ያላወቀው እንስሳ ቢጠፋ አያዝንም።

"ለእንስሳት እዘኑ" ብሎ መምከር ብቻ የትም አያደርስም፤ አይቶ መጻፍ ይሻላል። እስቲ በዚህ ሳምንት ከልጃችሁ ጋር አንዲት ድንቢጥ ወይም እርግብ ለ10 ደቂቃ ተመልከቱ። ከዚያ በአማርኛ አምስት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፦ ምን በላች? ምን አስፈራት? ወዴት ሄደች? "መጥፎ" እና "አስቀያሚ" አይፈቀዱም፤ ያየውን ብቻ ይጻፍ። ቃል ሲጠፋው አቀብሉት፦ ጫረች፣ ለቀመች፣ በረገገች። እነዚህን ከመጽሐፍ ይልቅ ከእናንተ አፍ ቢሰማቸው ይያዙለታል።

ቅዳሜ ደብተሩን ይዞ ይምጣ፤ ክፍል ውስጥ እናነበዋለን።