የምንስቀው በማን ላይ ነው?

ባለፈው የመዝናኛ ምሽት ጓደኞቻችን በአማርኛ የፍቅር ፊልሞች ላይ ሲያሾፉ አየን። ባለመኪናው የሀብታም ልጅ መጣ፤ የቤት ሠራተኛይቱ ጀሪካን ተሸክማ ተጋጨችው፤ ውሃው ፈሰሰ፤ ዐይን ለዐይን ተያዩ፤ ዘፈን ተለቀቀ። እስከዚህ ድረስ እኔም ከልቤ ሣቅሁ። ከዚያ በኋላ ግን ልጅቱ አፏን በከፈተች ቁጥር አዳራሹ የሚስቀው በአነጋገሯ ሆነ። የገጠር አማርኛዋና የላስቲክ ጫማዋ የቀልዱ ሁሉ ማገዶ ሆኑ። ባለመኪናው ግን አንድም ሳይነካ፣ እንዳማረበት ከመድረክ ወረደ።

ለመሆኑ ይህ ሽሙጥ ነውን? ሽሙጥ ማለት ልማድን አስመስሎ እየሠሩ ልማዱ ራሱን እንዲያሳጣ ማድረግ ነው። ደካማን ማሳጣት ግን ጥንትም የነበረ ጉልበተኝነት ነው።

በውጭው ዓለም ሁለቱም ዓይነት ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው «ዴት ሙቪ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም የፍቅር ፊልሞችን አሾፍባቸዋለሁ ብሎ ተነሥቶ በአንዲት ወፍራም ልጅ ገላ ሲስቅ ይውላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው «ኢዝንት ኢት ሮማንቲክ» ግን ሌላ ነው። በዚያ ፊልም አንዲት የኒውዮርክ ሴት ጭንቅላቷን ተመትታ ስትነቃ ራሷን በፍቅር ፊልም ዓለም ውስጥ ታገኘዋለች። ጠባብ ቤቷ ሰፍቷል፤ የከተማው ክፉ ሽታ ጠፍቷል። በአቃቂ ወንዝ አጠገብ ለምንኖር ለእኛ ይህን ቀልድ ማን ያስረዳናል? ሣቁ የወደቀው በሴቲቱ ላይ ሳይሆን በውሸቱ ላይ ነው።

ወደ ውጭ መሄድም አያሻንም። መንግሥቱ ለማ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በጻፉት «ያላቻ ጋብቻ» ከትልቅ ቤተሰብ የተወለደ የተማረ ሰው ገረዱን ያገባል። ታሪኩ ዛሬ በየፊልሙ የምናየው ነው። ነገር ግን እዚያ የሚሣቅባቸው ዘር ቆጣሪዎቹ እንጂ ገረዲቱ አይደለችም። «ጠልፎ በኪሴ» በተባለው ተውኔታቸው ደግሞ ጠለፋን የሚያስቡት የተማሩ ጎረምሶች ናቸው፤ ማለትም እኛን የመሰሉ።

አንዳንዶች «ፊልማችን ገና ልጅ ነው፤ አትቀልዱበት» ይላሉ። «ሂሩት አባቷ ማን ነው» ለሕዝብ ከታየ ከ1957 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ዓመት ሆነ? ልጅ የሚባለው እስከ መቼ ነው? ሌሎች ደግሞ «ቀልድ ቀልድ ነው፤ አታክርረው» ይላሉ። ለእነዚህ መልሴ አጭር ነው፤ የተሣቀበት ሰው ይጠየቅ።

ማለዳ በአቃቂ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ወደየፋብሪካው የሚጣደፉትን ልጃገረዶች ያያል። ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ናቸው፤ አንድ ክፍል ለሦስትና ለአራት ተከራይተው ይኖራሉ። ፊልሙ ለእነርሱ የሚሰብከው «ታገሺ፤ አንድ ቀን ባለመኪና ይመጣልሻል» እያለ ነው። ባለመኪና ግን ደመወዝ አይሆንም፤ የቤት ኪራይም አይከፍልም። መሾፍ የነበረበት ይህ ስብከት ነበር። እኛ ስብከቱን ተውነውና በምእመኗ ላይ ሣቅን።

ስንቶቻችን ነን የእናታችንን አነጋገር የግቢው በር ላይ አውልቀን የገባን? በዚያች ሌሊት የሣቅነው በማን ላይ እንደ ነበረ እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ። እኔ ጠይቄ አፍሬያለሁ፤ ከሣቁት አንዱ ነበርሁና።

ስለዚህ ለቴአትር ክበባችን ጓደኞች የማቀርበው ጥያቄ ጨዋታው ይቅር የሚል አይደለም፤ ይደገም የሚል ነው። ያው ባለመኪና ይምጣ፤ ያው ጀሪካን ይውደቅ፤ ያው ዘፈን ይለቀቅ። ልጅቱ ግን በዚያው በገጠር አማርኛዋ፣ «ዘፈኑን ዝጉልኝ፤ ሥራ ይረፍድብኛል። አንተም የደፋኸውን ውሃ ቅዳና አምጣ» ትበለው። ያን ጊዜ አዳራሹ በማን ላይ እንደሚስቅ አብረን እናያለን።