የመሬት ካሳ የቤተሰብ ሐቅ ነው

መንገድ፣ ትምህርት ቤት ወይም ፋብሪካ ሲሠራ የአንዳንዶች ማሳና ቦታ መነካቱ አይቀርም። ልማቱን አንቃወምም። የምንጠይቀው፣ ለብዙኃኑ ጥቅም ሲባል የጥቂቶች ኑሮ ሲፈርስ ካሳው በምን ይለካ? የሚለውን ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መዲና እንደተሰደዱ በ622 እ.ኤ.አ. መስጂድ ሊሠሩበት የፈለጉት ቦታ የሁለት የቲሞች፣ የሰህልና የሱሀይል፣ የተምር ማድረቂያ ነበር። ልጆቹ በስጦታ እንስጥ ቢሉም እርሳቸው ሳይገዙት አልተቀበሉም። ቦታው ለሕዝብ መዋሉ የባለቤቱን ሐቅ አላስቀረም ማለት ነው።

በአገራችን በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥም ይደነግጋል። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረት ሲወስድ ግን ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንዲከፍል ያዛል። ስለዚህ ካሳ የሚታሰበው ለአፈሩ ሳይሆን በላዩ ላለው ንብረትና ለሚቋረጠው ገቢ ነው። ብዙው ክርክር የሚነሳውም ከዚሁ ስሌት ነው።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 እርሻውን ለዘለቄታው ላጣ ገበሬ ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ገቢው በ10 ተባዝቶ እንዲከፈለው ደንግጎ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ምትክ መሬት ላላገኘ ሰው፣ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 እንዲባዛ አደረገ። ለምሳሌ በ5 ዓመት ውስጥ በየዓመቱ 20፣ 22፣ 28፣ 30 እና 40 ሺህ ብር ያገኘ ቤተሰብ ብንወስድ፣ በፊተኛው ስሌት 280 ሺህ፣ በኋለኛው 600 ሺህ ብር ይደርሰዋል። ማሳው ያው ነው፤ የተለወጠው መለኪያው ነው።

ይህም ሆኖ ገንዘብ ያልቃል፤ መሬቱ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፍ ነበር። እንግዲያው ገማቾች ሲመጡ የይዞታ ማረጋገጫውን ማቅረብ፣ የየዓመቱን ምርት፣ ዛፉንና የውሃ ጉድጓዱን ሳይቀር ማስመዝገብ፣ ግምቱ ካነሰም ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ቅሬታ ማቅረብ ይገባል። ሕጉ በየጊዜው ስለሚሻሻል፣ የተማራችሁ ወጣቶች በሥራ ላይ ያለውን ጠይቃችሁ ስሌቱን ለወላጆቻችሁ አስረዱ።

ገንዘቡ ሲመጣም የአባወራው ብቻ አይደለም። በማሳው ላይ የደከመችው እናት፣ ከዚያው ይበሉ የነበሩ ልጆችና የቲሞች ሐቅ አለበት። ከመንግሥት ፍትሕ የምንሻ ሁሉ በቤታችንም አማናውን እንጠብቅ።