የማተሚያ ቀለም ደኅንነት በሠራተኛው ትንፋሽ ይለካ

በብስኩትና በከረሜላ መጠቅለያ ላይ የምናየው ደማቅ ሥዕል ብዙ ጊዜ የሚታተመው ጥቃቅን ጉድጓዶች በተቀረጹበት ሲሊንደር ነው፤ ስልቱ ግራቪዩር ይባላል። ቀለሙ በፍጥነት እንዲደርቅ እንደ ቶሉይንና ኤቲል አሲቴት ያሉ ተቀጣጣይ አሟሚዎች ይገቡበታል። ትነታቸው ለእሳት አደጋ ያጋልጣል፤ ቶሉይንን ለረጅም ጊዜ መተንፈስም የነርቭ ሥርዓትን ይጎዳል።

በውሃ የተዘጋጀ ቀለም ይህን አደጋ በእጅጉ ይቀንሳል። ሆኖም አሟሚውን በውሃ መተካት ብቻውን አይበቃም። ውሃ ለመትነን በክብደት እኩል ከሆነው ቶሉይን 6 እጥፍ ያህል ሙቀት ይፈልጋል፤ በፕላስቲክ ላይም ጠብታ ሠርቶ ይሰበሰባል እንጂ በቀላሉ አይዘረጋም። ስለዚህ ጉድጓዶቹን ይበልጥ ጥልቀት የሌላቸው አድርጎ መቅረጽ፣ የቀለም ዱቄቱን መጠን መጨመር፣ ማርጠቢያና ተስማሚ ሬዚን መምረጥ፣ ማድረቂያውንም ማጠናከር ያስፈልጋል። ሬዚኑ በውሃ እንዲሟሟ ብዙ ጊዜ የሚጨመረው አሞኒያም ዓይንንና ሳንባን ስለሚቆጠቁጥ የአየር ማስወጫው አስፈላጊነት አይቀርም።

ለውጡ ወጪ አለው፤ ይህን ወጪ ግን እስካሁን በጤናው ሲከፍል የኖረው ሠራተኛው ነው። እንግዲህ መጠቅለያ የሚያሳትሙ ኩባንያዎች ደኅንነቱ የተሻለ ቀለም በውላቸው ይጠይቁ፤ ተቆጣጣሪዎችም በበርሜሉ ላይ የተጻፈውን አምነው ከመመለስ ይልቅ ሠራተኛው የሚተነፍሰውን አየር ይለኩ።