የምድጃ ስንጥቅ ሊናቅ የማይገባው ስለ ምን እንደ ሆነ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በግንጪ አልፎ ወደ አምቦና ወደ ጉደር በሚወስደው ጎዳና ጎሕ ሲቀድ የተጓዘ ሰው፣ ከየቤቱ ክዳን ሥር የሚወጣውን ጢስ ሳያይ አያልፍም፤ ነገር ግን ከዚያ ጢስ ምን ያህሉ በመውጫው በኩል እንደ ወጣ፣ ምን ያህሉስ በምድጃው ግድግዳ ላይ ጣት በማታስገባ ስንጥቅ ሾልኮ በጋጋሪዋ ዓይንና በጀርባዋ በታዘለው ሕፃን ሳንባ እንደ ቀረ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ስለዚህች ስንጥቅ ለመጻፍ የተነሣሁት፣ እስከ ዛሬ የተናቀችው የሴቶች ጉዳይ ተብላ ስለ ተቆጠረች ነው ብዬ ስለማምን ነው።

የማገዶ ነገር በአገራችን ቀላል ሆኖ አያውቅም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ አዲስ ዓለምን ቆርቁረው ቤተ መንግሥት ማሠራት የጀመሩት፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው ደን ተመንጥሮ እንጨት ከሩቅ ማምጣት ግድ ስለ ሆነ ነበር፤ ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ባይደርስ ኖሮ መናገሻው ምናልባት ወደዚያው በተዛወረ ነበር፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበውም ሥፍራ የእመቤታችን የማርያም ደብር ሆነ። እንግዲህ መንግሥትን ከመናገሻው ሊያነቃንቅ የደረሰ ማገዶ፣ በአንዲት ድኻ ቤት በምድጃ ስንጥቅ በከንቱ ሲባክን ዝም ብሎ ማየት ይገባልን?

ዙሪያውን የተዘጋ ምድጃ ከሦስቱ ጉልቻ የሚበልጠው እሳቱን ሰብስቦ ከምጣዱ ሥር ስለሚያቆየው ነው። ግድግዳው ሲሰነጠቅ ግን ቀዝቃዛ አየር ባልታሰበለት በኩል ይገባል፤ ነበልባሉ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ እንጀራውም ግማሹ ዓይን አውጥቶ ግማሹ ዓይን አልባ ሆኖ ይወጣል፤ ጋጋሪዋም እሳቱ የደከመ መስሏት ጭራሮ ትጨምራለች፣ ጢሱም ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ በሚነድ ማገዶና በመሰለው ጢስ ምክንያት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ገምቷል።

ስንጥቁ የሚወለደው ከጭቃው ባሕርይ ነው፤ ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራልና። የግንጪ ሜዳ መረሬ አፈር በክረምት አብጦ በበጋ ንቃቃት ሲከፍት ያየ ገበሬ፣ ይህ አፈር ለእርሻ እንጂ ለምድጃ እንዳልተፈጠረ ለማወቅ መምህር አያሻውም። ቀይ አፈር ከጭድና ከጥቂት አሸዋ ጋር ተቦክቶ ቢሠራ እንኳ፣ ቀን ሲግል ሌሊት ሲቀዘቅዝ፣ ድስት ሲገነፍልበትና ፍልጥ ሲገጨው መድከሙ አይቀርም።

ጥገናው ግን ገንዘብ የማይጠይቅ ጥበበ እድ ነው። ምድጃው ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ የላላው ጭቃና ጥላሸቱ እስከ ጽኑው አካል ድረስ ይፋቃል፤ ስንጥቁም አዲሱ ጭቃ እንዲነክስ ከአፉ ጠበብ ከውስጡ ሰፋ ተደርጎ ይከፈታል፤ ከዚያም ውኃ ይርከፈከፍበታል፤ ይህ የቀረ እንደ ሆነ ደረቁ ግድግዳ የምርጊቱን ውኃ መጥጦ ሁለቱን ያለያያቸዋል። በጭቃው ላይ ከተሰበረ ምጣድ ወይም እንስራ ገል ወቅጦና ነፍቶ መጨመር እጅግ ይረዳል፤ ገል አንድ ጊዜ በእሳት ያለፈ ስለ ሆነ ዳግመኛ አይኮማተርምና። ሸክላ ሠሪዎቻችንን ያለ አግባብ ስንንቃቸው ኖርን እንጂ፣ የጭቃንና የእሳትን ምሥጢር ከእነርሱ አብልጦ የሚያውቅ የለም። ምርጊቱ ከተጠቀጠቀ በኋላ ቀስ ብሎ ይድረቅ፤ የመጀመሪያውም እሳት የጭራሮ እሳት ይሁን።

ዛሬ ስንጥቅ ባየ ቁጥር ሲሚንቶ የሚለቀልቅ ሰው በዝቷል። ሲሚንቶ ውኃን አዋሕዶ የሚጠነክር ነውና ብርቱ እሳት ያንን ውኃ ሲያወጣው ይፈረካከሳል፤ ከጭቃውም ጋር እኩል ስለማይሰፋና እኩል ስለማይጠብ እንደ ዛፍ ቅርፊት ተልጦ ይወድቃል። «ምርጥ» የተባለው የምጣድ ምድጃ ግን አካሉ ራሱ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ አሸዋ ስለ ሆነ የሚጠገነው በዚያው በራሱ ዓይነት ነው። ይህ ምድጃ ከጉልቻ እሳት ይልቅ ማገዶን በግማሽ ያህል እንደሚቆጥብ ታውቋል፤ ሆኖም መገጣጠሚያው ከተከፈተ ጥቅሙ ይጎድላልና፣ ሲታደል ቁጥሩ እንደሚመዘገብ ሁሉ ከዓመት በኋላ ደኅንነቱ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ይህን ሥራ ለሚያፍርበት ወንድ አንድ ነገር ላስታውስ። በየደብሩ ለመሥዋዕት የሚሆነው ኅብስት በሚዘጋጅባት በቤተ ልሔም እሳቱን የሚያነድዱት፣ ሊጡን የሚያቦኩትና የሚጋግሩት ወንዶች አገልጋዮች ናቸው፤ ዲያቆኑን ያላሳፈረ እሳት ባልን ሊያሳፍረው አይችልም። ከአምቦ በወጣ ድንጋይ የአዲስ አበባን ሕንፃዎች ያስጌጠ ግንበኛም የምድጃን ስንጥቅ መድፈን ከክብሩ አያጎድልበትም።

ስለዚህ በየቤቱ የሚገቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ ጢስ ሲያስተምሩ ስለ ምርጊትም እንዲያስተምሩ፣ የአምቦም የሙያ ማሠልጠኛዎች ይህን ጥገና ከግንባታ ትምህርት ጋር እንዲጨምሩት እለምናለሁ። አንተም በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶ ወይም በብርዳማው ጀልዱ ያለህ አባወራ፣ ክረምቱ ገብቶ ጭቃው አልደርቅ ሳይልህ፣ ምድጃህን ዛሬ ማታ በመብራት ዙሪያውን እየው፤ ስንጥቅ ካገኘህ ጭቃውን ራስህ አቡካ።