ጊሽጣውን ብሉት፤ ኬሞውን ግን አታስጥሉ!

«ጊሽጣ ከኬሞቴራፒ 10,000 ጊዜ ይበልጣል! የመድኃኒት ኩባንያዎች ደብቀውባችሁ ነው! ሼር አድርጉ፤ የአንድ ሰው ሕይወት አትርፉ!» ይህ መልእክት ያልደረሰው ወጣት ያለ አይመስለንም። እኛም ከዓመታት በፊት ሳናጣራ አጋርተነዋል። ዛሬ የምንጽፈው አንድም ለዚያ ነው።

የምናውቃት አንዲት እናት ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናና ኬሞ አዘዘላት። ልጆቿ ግን ስልካቸው ላይ ያነበቡትን አምነው ወራት ሙሉ የጊሽጣ ቅጠል እያፈሉ አጠጧት። ወደ ሆስፒታል ስትመለስ በሽታው ሳንባዋ ደርሶ ነበር። አላህ ይዘንላት። ልጆቿን አንወቅስም፤ እናታቸውን ከማንም በላይ ይወዱ ነበር። የሚወቀሰው ያንን ወሬ በእጃቸው ያስገባው ነው፤ እኛም አለንበት።

ወሬው ከባዶ አልተነሳም። እሾሃማው ጊሽጣ፣ በሳይንሳዊ ስሙ አኖና ሙሪካታ፣ የሐሩሩ አሜሪካ ተክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዘሩ ያወጡት አንድ ንጥረ ነገር በአንድ ዓይነት የአንጀት ካንሰር ሕዋስ ላይ አድሪያማይሲን ከተባለው የኬሞ መድኃኒት 10,000 እጥፍ ጉልበት እንዳሳየ ጻፉ። ቁጥሩ የመጣው ከዚህ ነው። ግን ልብ በሉ፦ ከዘሩ እንጂ ከጭማቂው ወይም ከቅጠሉ አይደለም። ላብራቶሪ ውስጥ ሳህን ላይ ባደገ ሕዋስ እንጂ በታማሚ ሰው ላይ አይደለም። ሳህን ላይማ በረኪናም የካንሰር ሕዋስ ይገድላል! ጥያቄው ተውጦ፣ በጉበት አልፎ፣ ጤነኛውን ሳይነካ እጢው ጋ ይደርሳል ወይ ነው። ጊሽጣ የሰውን ካንሰር እንደሚያድን በታማሚዎች ላይ ተሞክሮ የተረጋገጠ ነገር እስካሁን የለም።

«ቢያንስ አይጎዳም፤ ተፈጥሮ ነው» የሚሉም አሉ። በጊሽጣ ውስጥ ያሉት አሴቶጄኒን የተባሉ ንጥረ ነገሮች የሚሠሩት ማይቶኮንድሪያን፣ ማለትም የሕዋሱን የኃይል ማመንጫ፣ በመዝጋት ነው። ማመንጫው ግን የካንሰር ሕዋስ ብቻ አይደለም፤ የአንጎል ነርቭም የሚኖረው በእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት በካሪቢያኗ ጓድሉፕ ደሴት ለተለመደው መድኃኒት የማይበገር፣ ፓርኪንሰን መሰል በሽታ በብዛት መታየቱን ገልጾ፣ ይህንን ፍሬና የቅጠሉን ሻይ ከማዘውተር ጋር አያይዞታል። በኋላም አኖናሲን የተሰጣቸው አይጦች አንጎላቸው ተጎድቶ ተገኝቷል። ይህ አንድ ጊሽጣ የበላ ይታመማል ማለት አይደለም። ቅጠሉን በየቀኑ ለወራት አፍልቶ መጠጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

«ኩባንያዎቹ ደበቁት» ለሚለው ደግሞ መልሱ አጭር ነው። ጥናቱ በመጽሔት ታትሞ ማንም ያነበዋል፤ ይህ ምን ዓይነት መደበቅ ነው? ታክሶል የተባለው የካንሰር መድኃኒት የተገኘው ከዛፍ ቅርፊት ነው፤ ቪንክሪስቲን ከአበባ ተክል ነው። ኩባንያዎቹ ከእነዚህ ብዙ ገንዘብ አተረፉ እንጂ አልደበቋቸውም። ጊሽጣም እንደዚያ ቢሠራ ኖሮ ዛሬ በመርፌ ተሞልቶ በውድ ይሸጥልን ነበር!

ሰው ለምን ወደ ቅጠሉ እንደሚሮጥ ይገባናል። የጨረር ሕክምና ወረፋው ረጅም ነው፤ ከክፍለ ሀገር አዲስ አበባ መጥቶ ጥቁር አንበሳ ደጅ የሚጠና ቤተሰብ ስንቅና ማረፊያ ያልቅበታል። ኬሞውም ያስመልሳል፣ ፀጉር ያረግፋል። በዚህ መሐል «ጓሯችሁ ያለው ቅጠል ይበቃል» የሚል ሰው ሲመጣ እንደ እፎይታ ይሰማል። ለዚህ ነው ወሬው ከሌላው ሐሰት ሁሉ የሚከፋው፤ የሚይዘው የደከመውን ነው። ለታማሚው የሚጠቅመው የትራንስፖርት ማዋጣት፣ ወረፋ መያዝ፣ በቀጠሮው ቀን አብሮ መሄድ ነው። ይህ ደግሞ በአንድ ክሊክ አይሆንም።

ያንን መልእክት ከገጻችን አጥፍተነዋል። በግሩፓችሁ ካለ እናንተም አጥፉት፤ ለላከው ሰውም ደውላችሁ ንገሩት። ቅጠሉን እየጠጣ ያለ ታማሚ ካለ ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገር፤ በተለይ የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ፣ ቅጠሉ ሁለቱንም ይበልጥ ዝቅ ሊያደርግ ይችላል።